ወንዝ የሚወጣው ዓሣና የእኛ ድርሻ

ዓሣ ሁሉ ዕንቁላሉን በሐይቅ ውስጥ የሚጥል ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን በጣና ሐይቅ ከሚኖሩት የቢልጫ ዓይነቶች ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ጉማራንና ርብን ተከትለው ወደ ላይ ይወጣሉ። ዕንቁላላቸውንም ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ይጥላሉ። ከመውጣታቸው በፊት በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ፤ መረብም የሚዘረጋው እዚያው ነው። እናቲቱ በዚያ ስትያዝ ዘሯም አብሮ ይጠፋል። በተለይም በዚህ ምክንያት ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. የጣና ቢልጫ በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ።

በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል። ሆኖም ተቆጣጣሪ በየወንዙ ሌትና ቀን ሊቆም አይችልም፤ የወንዙ ጎረቤት ግን ሁልጊዜ እዚያው ነው።

ነገሩ ለእኛ ለሻሸመኔ ወጣቶችም ሩቅ አይደለም። ጎረቤታችን የሐዋሳ ሐይቅ ቢልጫ አለው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ግን ጥቁር ውኃ ብቻ ነው። ስለዚህ መንጠቆ ይዘን ስንወርድ፦
፩. በክረምት የወንዙን አፍ እንተው፤
፪. ትንሹን ዓሣ ወደ ውኃው እንመልስ፤
፫. ያወቅነውን ለጓደኞቻችን እንንገር።

ለውይይት፦ ዓሣ አጥማጁ ክረምቱን ከወንዙ አፍ ቢርቅ ቤተሰቡ በምን ይኑር? እኛስ ምን ልናግዘው እንችላለን?