ደሴት የነበረው ሐይቅ እስጢፋኖስ

በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ «ደሴት ምንድን ነው?» ስንባል ሁላችንም «ዙሪያውን በውኃ የተከበበ መሬት» ብለን እንመልሳለን። ይህን የሸመደድነውን መልስ የሚፈትን ቦታ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በአንድ ወገኑ ከየብስ ጋር ስለተያያዘ ልሳነ ምድር ሆኗል፣ በእግር ይገባበታል።

ታዲያ ምን አያያዘው? ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና 80 ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው፤ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ ግን የለውም። ዝናብና ጅረት ያስገቡለትን ፀሐይ በትነት ትወስድበታለች። ገቢው ከወጪው ሲያንስ ውኃው ይሸሻል፤ ጥልቀት የሌለው ወገንም ብቅ ይላል። ከተራራው የሚታጠበው አፈር ደግሞ መውጫ ስለሌለው እዚያው ይቀራል። ሐይቅ አይደርቅም የሚል ካለ በሐረርጌ የሐሮማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ይጠይቅ።

ገዳሙን በ13ኛው መቶ ዘመን ያቋቋሙት አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማሩ ስለሆኑ የዘመኑ መምህራን ማሠልጠኛ ነበር ብንል ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ መነኮሳቱ ከቄጠማ በታሰረ ታንኳ ይሻገሩ እንደነበር፣ በሐይቁም ጉማሬ እንደነበረ ጽፏል።

ዛሬ ጉማሬ የለም። ወፉ ግን አለ፤ ፔሊካን፣ ዳክዬ፣ ዓሣ አዳኝ ንስር። በገዳሙ ዙሪያ ያለውን ወይራና ሌላውንም ዛፍ ምሳር ሳይነካው የቆየው መነኮሳቱ ስለጠበቁት ነው፤ ከሐይቁ ማዶ ያለውን የተራቆተ ተራራ አይቶ ማወዳደር ነው። (ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም። የተማሪ ጉዞ የሚመራ መምህር ሴቶቹን ውጭ አቁሞ ወንዶቹን ይዞ ከሚገባ ሁሉንም ከሐይቁ ዳር ቢያስተምር ይሻላል፤ ደኑም ወፉም ከዚያ ይታያል።)

ትልቁ ለውጥ ያለው ግን ለዓይን በማይታየው ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ ዓሣ ከሌላ ቦታ መጥቶ ሐይቁ ውስጥ ተጨመረ። ዓሣው ተራባ፤ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነ። ነገር ግን በውኃው ውስጥ አልጌ ይበሉ ከነበሩት ደቃቅ ነፍሳት አንዳንዶቹ ጠፉ፣ አልጌው በዛ፣ ውኃው አረንጓዴ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1938 በገመድ የወረደ ነጭ ሳህን 9 ሜትር ያህል ወርዶ ይታይ ነበር፤ ኋላ ሲለካ ጥቂት ሜትር ሳይወርድ ይሰወራል። ዓሣው ባይመጣ ይሻል ነበር ለማለት አልደፍርም፤ አጥማጁ ልጆቹን የሚያስተምረው በዚያ ነው። ከጨመሩ በኋላ ምን እንደሚሆን አለመከታተል ግን ስንፍና ነው።

ለመለካቱ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አንድ ነጭ ሳህን፣ ድንጋይ ማክበጃ፣ በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ ያለበት ገመድና ታንኳ ይበቃል። መምህሩ ከአጥማጅ ጋር ሆኖ ሳህኑን ያወርዳል፣ ከዓይን ሲሰወር ቋጠሮውን ይቆጥራል፤ ተማሪዎቹ ቁጥሩን ከነቀኑ በክፍላቸው ግድግዳ ላይ ይጽፋሉ። በወር አንድ ጊዜ፣ ክረምትም በጋም።