በሚኒሞ የሚሰነፍጥ ጭስ፦ አሮጌ ባለካርቡሬተር መኪናን በሳይንስ መመርመር

መንገድ ዳር ቆማ ሞተሯ ባልጠፋ አሮጌ ቮልስዋገን አጠገብ ያለፈ ሰው ዓይንን የሚያቃጥልና አፍንጫን የሚሰነፍጥ ጭስ ሳይሸተው አይቀርም። ብዙዎቻችን “ያረጀ መኪና ነዋ!” ብለን እናልፈዋለን። እርጅና ግን በራሱ ማብራሪያ አይደለም፤ የትኛው ክፍል እንደታወከ አይነግረንምና። በዚህ ጽሑፍ ጭሱ ከምን እንደሚመነጭና መንስኤውን በቅደም ተከተል እንዴት ማግኘት እንደሚቻል እንመለከታለን።

ጭሱ ውስጥ ምን አለ?

ቤንዚን በአብዛኛው የካርቦንና የሃይድሮጅን ውሁዶች ቅልቅል ነው። ከእነዚህ ውስጥ ኦክቴንን ለምሳሌ እንውሰድ። አንድ የኦክቴን ሞለኪውል ስምንት የካርቦንና አሥራ ስምንት የሃይድሮጅን አተሞች አሉት። አንድ ሞል ኦክቴን፣ ማለትም 114 ግራም፣ ሙሉ በሙሉ ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ እንዲሆን አሥራ ሁለት ተኩል ሞል ወይም 400 ግራም ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ከአየር ክብደት ውስጥ ኦክስጅን 23 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ የሚያስፈልገው አየር 1,720 ግራም ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ለአንድ ግራም ኦክቴን 15 ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል ማለት ነው። ለተለመደው የቤንዚን ቅልቅል ይህ ቁጥር 14.7 ገደማ ነው።

አየሩ ከዚህ ሲያንስ ካርቦኑ የሚበቃውን ኦክስጅን አያገኝም። ከፊሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከፊሉም ጥላሸት ይሆናል፤ ጥቂቱ ቤንዚን ደግሞ ሳይቃጠል ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ የሚሻ ነጥብ አለ። አፍንጫችንን የሚሰነፍጠው ያልተቃጠለው ወይም በከፊል የተቃጠለው ቤንዚን ነው። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። በደማችን ውስጥ ያለው ሂሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከዚህ ጋዝ ጋር ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ሁኔታ ይጣበቃል። በመሆኑም ምርመራው ምንጊዜም ደጅ፣ አየር በሚንሸራሸርበት ቦታ መካሄድ አለበት። በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሳት ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ይኖርበታል።

ችግሩ በሚኒሞ የሚጎላው ለምንድን ነው?

እግራችንን ከነዳጅ ፔዳሉ ስናነሳ የካርቡሬተሩ የታችኛው ክዳን ሊዘጋ ጥቂት ይቀረዋል። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አዲስ ቅልቅል በጣም ጥቂት ስለሚሆን ከቀደመው ዙር የቀረው የተቃጠለ ጋዝ ድርሻው ከፍ ይላል፤ እሳቱም በዝግታ ይስፋፋል። የቀድሞዎቹ መሐንዲሶች ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ ጊዜ ቤንዚኑ ጠንከር እንዲል ያደርጉ ነበር። እንግዲህ በሚኒሞ ጥቂት ሽታ መኖሩ በእነዚህ መኪናዎች የተፈጥሮ ያህል ነው። ጥቁር ጭስና የሚያስለቅስ ሽታ ግን የብልሽት ምልክት ነው።

ከመንካት በፊት ማየት

ብዙ ሰው ሽታ ሲያስቸግረው በቅድሚያ ካቻቢቴ አንሥቶ የካርቡሬተሩን የቅልቅል ቡሎን ያዞራል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ቡሎኑ ከዞረ በኋላ የቀድሞው ሁኔታ ይጠፋል፤ ሁለት ጥፋቶችም በአንድነት ይደራረባሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ ሞተሩን በሚገባ አሙቀን የጭሱን ቀለም እንመልከት።

ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ሰማያዊ ከሆነ የሚቃጠለው የሞተር ዘይት ነው፤ መንስኤውም የፋሻ ወይም የቫልቭ መላላት ሊሆን ይችላል። ነጭ ከሆነና ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ የውኃ ተን ነው። ካልጠፋ በውኃ በሚቀዘቅዙ ሞተሮች የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ሊያመለክት ይችላል። የአሮጌው ቮልስዋገን ሞተር ግን በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ይህ የመጨረሻው ግምት ለእርሱ አይሠራም።

አራቱ ካንዴላዎች

ቀጣዩ ጥያቄ ጥፋቱ የሁሉም ሲሊንደሮች ነው ወይስ የአንዱ የሚል ነው። ካርቡሬተሩ አንድ ሲሆን ሲሊንደሮቹ አራት ናቸው። ስለዚህ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ካበዛ አራቱም ይጎዳሉ። ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃዎች በሚኒሞ አሠርተን፣ አጥፍተን፣ ሲቀዘቅዝ ካንዴላዎቹን እንፍታና በቅደም ተከተላቸው እንደርድራቸው። ጤናማ ካንዴላ ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። አራቱም ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሱ ጥፋቱ የጋራ ነው፤ ወደ ካርቡሬተሩ እንሄዳለን። አንዱ ብቻ በቤንዚን ከራሰ የዚያ ሲሊንደር እሳት አልተነሣም፤ ገመዱንና ካንዴላውን እንመርምር። አንዱ ብቻ በዘይት ከራሰ ደግሞ ጥፋቱ የዚያው ሲሊንደር የውስጥ መበላት ነው።

የጋዝ መለኪያ መሣሪያ ያለው ሰው ይህንኑ በቁጥር ማረጋገጥ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ በጣም ከፍ ካለ ቤንዚን በዝቷል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ዝቅ ብሎ ያልተቃጠለው ቤንዚን ከፍ ካለ ግን እሳት እየተሳተ ነው ማለት ነው።

ወደ ካርቡሬተሩ

ጥፋቱ የጋራ መሆኑ ከታወቀ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንሂድ። አንደኛ፣ የአየር ፊልትሮው ቆሻሻ ይዞት እንደሆነ ማየት። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ማረጋገጥ። ሦስተኛ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ ከላይ መመልከት። በሚኒሞ ጊዜ ቤንዚን የሚገባው በታችኛው ትንሽ ቀዳዳ ስለሆነ ከዋናው አፍ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ካለ ተንሳፋፊው ወይም መርፌው አልዘጋም ማለት ነው። የቅልቅሉ ቡሎን የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በብዙዎቹ ካርቡሬተሮች ቡሎኑ ሲጠብቅ ቤንዚን ይቀንሳል። እስከ መጨረሻው በቀስታ ጠብቆም የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ቤንዚኑ በሌላ መንገድ እየገባ ነው።

የከፍታው ጉዳይ

የአገራችን መልክዓ ምድርም በዚህ ነገር ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ገደማ ነው። በዋናው የካርቡሬተር መስመር የአየርና የቤንዚን ምጥጥን ከጥግግቱ ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ስለሚቀንስ በባሕር ወለል 14.7 የነበረው ወደ 13.1 ይወርዳል። ስለሆነም ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ያበዛል፤ አዲስ አበባ የተስተካከለውም ድሬዳዋ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል።

አንድ ምሳሌ

ሞተሩ ሞቆም ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ቮልስዋገን አለ እንበል። አራቱም ካንዴላዎች ጥቁር ናቸው፤ ፊልትሮው ንጹሕ ነው፤ ቾኩ ግን በግማሽ ተዘግቷል። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ በተሠሩት ቮልስዋገኖች ቾኩን የሚከፍተው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጥምዝ የብረት ስፕሪንግ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦው ከወለቀ ስፕሪንጉ እንደሚገባው አይሞቅም፤ ቾኩም አይከፈትም። ጥገናው ሽቦውን መልሶ መሰካት ብቻ ሊሆን ይችላል። ቡሎኑን አስቀድሞ ያዞረ ሰው ግን አዲስ ካርቡሬተር ይገዛ ነበር።

ሽታው ከውጭ ይልቅ ውስጥ ከጠነከረ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። በቮልስዋገን የውስጥ ማሞቂያው አየር የሚሞቀው በጭስ ማውጫው ቱቦ ዙሪያ አልፎ ነው፤ ቱቦው በዝገት ከተበሳ ጭሱ በቀጥታ ወደ ተሳፋሪው ይገባል። እንዲህ ያለ መኪና እስኪጠገን ድረስ ሊነዳ አይገባውም።

ከዚህ የምንማረው ለመኪና ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ማየት፣ መከፋፈል፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን መጠበቅ የቤተ ሙከራም የጋራዥም ሥርዓት ነው።