ስለ ወገብ ጡንቻና ስለ ሕመሙ

ወገቡን የሚያመው ሰው ብዙውን ጊዜ «ኩላሊቴ ነው» ይላል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻ ነው። በታችኛው ወገባችን 5 የአከርካሪ አጥንቶች አሉ። በግራና በቀኛቸው ረዣዥም ጡንቻዎች ቆመው ገላችንን ቀጥ አድርገው ይይዛሉ። በጎን በኩል ደግሞ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት እስከ ዳሌ አጥንት የሚወርድ ጡንቻ አለ፤ ብዙ የሚያስቸግረን ይኸኛው ነው።

ጡንቻ ሲደክም ወይም ባንድ አኳኋን ሲቆይ እንደ ቋጠሮ ያለ ጠጣር ቦታ ያወጣል። የቋጠሮው ምንነት ሐኪሞችን ዛሬም ያከራክራል። የሚያስደንቀው ግን ቋጠሮው ካንድ ስፍራ ሆኖ ሕመሙ ከሌላ ስፍራ መሰማቱ ነው፤ የጎኑ ጡንቻ ቋጠሮ ዳሌንና መቀመጫን ያሳምማል። ስለዚህ ዳሌን ብቻ ቢያሹ ምንጩ አይገኝም።

ይህን ትምህርት ያስፋፉት አሜሪካዊቱ ሐኪም ጃኔት ትራቬል፥ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጆን ኬኔዲን ሲያክሙ ጡንቻውን በመርፌ ያደነዝዙ፥ በተወዛዋዥ ወንበርም እንዲቀመጡ ይመክሩ ነበር። (ኬኔዲ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምናም ስለ ተደረገላቸው ሕመማቸው የጡንቻ ብቻ አልነበረም።)

እኛም ተማሪዎች ለፈተና ስናጠና ለሰዓታት ጎብጠን ከመቀመጥ፥ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተን ብንንጎራደድ ይበጀናል። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናልና፥ ጉልበትን አጥፎ ወደ ገላ አስጠግቶ ማንሣት እንጂ እየተጠማዘዙ መመንተፍ አይገባም። ካመመም በኋላ ለቀናት መተኛት ያብሳል፤ ቀስ ብሎ መራመድና ሞቅ ያለ ጨርቅ ይሻላል። ነገር ግን እግር የደነዘዘ ወይም የዛለ፥ ሽንትም አልታዘዝ ያለ እንደ ሆነ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።