ትምህርት አሥራ አራት፦ ያረጀው ሞርሳ

ሀ. የመግቢያ ጥያቄዎች

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ነጥቦች ላይ በክፍል ውስጥ ተወያዩ።

1. በአካባቢያችሁ በሚገኝ ጋራዥ ወይም የብረታ ብረት መሥሪያ ቤት ሞርሳ አይታችሁ ታውቃላችሁን? ለምን ተግባር ይውላል?
2. አንድ መሣሪያ አረጀ የሚባለው መቼ ነው? ያረጀ ሁሉ ይጣላልን?

ለ. ምንባብ

እ.ኤ.አ. በ1789 ዓ.ም. ዕድሜው 18 ዓመት ገደማ የሆነ አንድ ወጣት ሥራ ፍለጋ በለንደን ከተማ ወደ አንድ የታወቀ መሥሪያ ቤት ሄደ። ወጣቱ ሄንሪ ሞድስሊ ይባላል። የመሥሪያ ቤቱ ባለቤት በቁልፍ ሥራው ስሙ የገነነው ጆሴፍ ብራማ ነበር። ሞድስሊ በዉሊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ከልጅነቱ ጀምሮ ብረት ሲቀጠቅጥና ሲሞርድ ያደገ ስለ ሆነ፣ የእጁ ሙያ የተመሰከረለት ነበር። ይሁን እንጂ ዕድሜው ለጋ ከመሆኑም በላይ፣ በዚያ ዘመን ከእጅ ባለሙያ ይጠበቅ የነበረውን የ7 ዓመት የተለማማጅነት ጊዜ በሥርዓቱ አልፈጸመም። ስለዚህ ከነባሮቹ ሠራተኞች ጋር እኩል ሆኖ መቀጠሩ አጠራጣሪ ሆነ።

በመጨረሻም ነገሩን የሚቆርጥ ፈተና ተገኘ። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ መንጋጋው የተበላ፣ ጥርሱም ያለቀ አንድ አሮጌ ሞርሳ ነበር። ሞድስሊ ይህን ሞርሳ በዚያው ዕለት ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት አድሶ ካስረከበ ሊቀጠር፣ ካልቻለ ግን ወደ መጣበት ሊመለስ ስምምነት ሆነ። ወጣቱ ኮቱን አወለቀ፤ እጅጌውን ሰብስቦ ሥራውን ጀመረ። መንጋጋውን አዲስ ብረት አለበሰው፤ ሞረደው፤ ጥርሱንም እንደገና ቀረጸው። ታሪኩን የጻፉለት ሰዎች እንደሚሉት፣ ሰዓቱ ከመድረሱ በፊት ያ የተናቀ ሞርሳ በዙሪያው ካሉት ሞርሳዎች ሁሉ አምሮ ታየ። ወጣቱም ያለ ተቃውሞ ተቀጠረ።

ሞርሳ ለዚህ ዓይነቱ ፈተና የተገባ ዕቃ ነው። የብረት ሠራተኛ አንድን ነገር ሲሞርድ፣ ሲቆርጥ ወይም ሲያጎብጥ ሁለቱም እጆቹ በሥራ ስለሚያዙ፣ ዕቃውን አጥብቆ የሚይዝለት ሦስተኛ እጅ ያስፈልገዋል። ይህም ሦስተኛ እጅ ሞርሳ ነው። ሞርሳ ሁለት መንጋጋዎች አሉት። አንደኛው ቋሚ ነው፤ ሁለተኛው በወፍራም ብሎን እየተገፋ ይጠብቃል፣ ይላላል። ብሎኑን የሚያዞረው በአፉ በኩል የተሻገረው እጀታ ሲሆን፣ ብሎኑ የሚገባበት ዳዶ ከሆዱ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ሞርሳ፣ ብሎን፣ ዳዶና ሞላ የሚባሉት ቃላት ወደ አማርኛ የገቡት ከኢጣልያንኛ ነው።

በአውሮፓ አንጥረኞች ዘንድ ቀድሞ የታወቀው ባለ እግር ሞርሳ ነው። ይህ ዓይነቱ ተቀጥቅጦ ከሚሠራ ብረት የተበጀ ሲሆን፣ አንደኛው ክንዱ እስከ መሬት ድረስ ይረዝማል። በመዶሻ ሲመታ የምቱ ኃይል በእግሩ በኩል ወደ መሬት ስለሚወርድ ሞርሳው አይጎዳም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ፋብሪካዎች ሲስፋፉ፣ በጠረጴዛ ላይ በብሎን የሚታሰረውና ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስ ብረት የሚሠራው ሞርሳ በብዛት ወጣ። ሠራተኞች ጊዛ የሚሉት ይህ ብረት ጫናን የሚችል ቢሆንም፣ ድንገተኛ ምት ሲያርፍበት እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። በእጀታው ላይ ረጅም ቧንቧ አጥልቆ ከመጠን በላይ የሚያጠብቅ ሠራተኛ ሞርሳውን የሚሰብረውም ስለዚህ ነው።

ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች እነዚህን አሮጌ ሞርሳዎች እየፈለጉ የሚሰበስቡና የሚያድሱ ሰዎች አሉ። ከተዘጉ ፋብሪካዎች፣ ከእርሻ ቤቶችና ከቁርጥራጭ ብረት ክምር ውስጥ ያገኟቸዋል። አንድ ሞርሳ በዚያ ክምር ውስጥ ከቆየ ዕጣው የማቅለጫ ምድጃ ነው። ሰብሳቢው ከዚህ ዕጣ ካዳነው በኋላ በመጀመሪያ የሚያደርገው ማጽዳት ሳይሆን ማንበብ ነው። የሠሪው ስም፣ የመንጋጋው ስፋትና የሞዴሉ ቁጥር በአካሉ ላይ ተቀርጸው ይገኛሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1941 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ የተቋቋመው የዊልተን ኩባንያ በቀድሞዎቹ ሞርሳዎቹ ላይ፣ ከተንሸራታቹ ክፍል በታች ወርና ዓመተ ምሕረት ይመታ ነበር። ቀኑ ሞርሳው የተሠራበት ሳይሆን የ5 ዓመቱ ዋስትና የሚያልቅበት ነው። ስለዚህ 1952 የሚል የተመታበት ሞርሳ የተሠራው በ1947 መሆኑን ሰብሳቢው በቀላል ሒሳብ ይደርስበታል። ይህን ምልክት ሳያይ በመፍጫ ማሽን የሚፍቅ ሰው ግን የሞርሳውን የልደት ወረቀት በገዛ እጁ ይቀዳል።

ከምርመራው በኋላ ማፍታታት ይከተላል። አካሉ በትንሽ መዶሻ ቀስ ተብሎ ሲነካ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግን ስንጥቅ ሊኖርበት ስለሚችል በጥንቃቄ ይመረመራል። በዝገት የተጣበቀ ብሎን በኃይል አይፈታም። ዘይት ተንጠባጥቦበት ለቀናት ይቆያል፤ አልፎ አልፎም እየተሞቀ በትዕግሥት ይነቀነቃል። ክፍሎቹ ከወጡ በኋላ የጠነከረው አሮጌ ግራሶ በነጭ ጋዝ ይታጠባል። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል፣ በደረቁ ፈግፍጎ አቧራውን መተንፈስ አደገኛ ነው።

ዝገትን ለማስለቀቅ ሦስት መንገዶች የተለመዱ ናቸው። አንደኛው በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ነው። ሁለተኛው በኮምጣጤ መንከር ሲሆን፣ ዕቃው ከወጣ በኋላ አሲዱን በሚያረክስ ሶዳ ታጥቦ ወዲያው መድረቅ አለበት። ሦስተኛው በኤሌክትሪክ ነው። ዕቃው የልብስ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ይነከርና ከባትሪ መሙያው አሉታዊ ሽቦ ጋር ይያያዛል፤ አዎንታዊው ሽቦ ደግሞ ከማይፈለግ ተራ ብረት ጋር ይታሰራል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ዝገቱ ከዕቃው ይላቀቃል። ሆኖም በዚህ ጊዜ ተቀጣጣይ የሆነው የሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚወጣ፣ ሥራው እሳት በሌለበትና ነፋስ በሚያገኝ ሥፍራ ይከናወናል። በተራው ብረት ፋንታ የማይዝግ ብረት መጠቀምም መርዛማ የክሮሚየም ውሕድ ስለሚያወጣ የተከለከለ ነው።

ከዚህ በኋላ እድሳቱ ይጀመራል። ያለቀ የመንጋጋ ፊት በአዲስ ጠንካራ ብረት ይተካል። ጥርሱ የሚቀረጸው ብረቱ ገና ለስላሳ ሳለ ነው፤ ግሎና ተነክሮ ከጠነከረ በኋላ ሞረድ አይበላውም። የውጭው አካል ቀለም ይቀባል፤ የሚንሸራተተው ክፍልና ብሎኑ ግን ቀለም ሳይሆን ዘይትና ግራሶ ብቻ ያገኛሉ። እዚህ ላይ በአዳሾች መካከል ልዩነት አለ። አንዳንዶች ሞርሳው እንደ መስተዋት እስኪያበራ ድረስ ይፍቁታል። ሌሎች ደግሞ ሥራውን የሚያሰናክለውን ጉድለት ብቻ አስተካክለው፣ የቀድሞ ሠራተኞች ያስቀሩበትን የመዶሻና የመሰርሰሪያ ጠባሳ ይተዉታል። የተፋቀ ብረት ተመልሶ ስለማይበቅል የሁለተኞቹ ጥንቃቄ ምክንያት አለው።

የታደሰ ሞርሳ መቆሚያ ከሌለው ሥራው ጎዶሎ ነው። ጠረጴዛ በሌለበት ሥፍራ ብዙዎች ከአሮጌ የመኪና ቸርኬ መሠረት፣ ከወፍራም ቧንቧ ምሰሶ፣ ከወፍራም ላሜራ ራስ ያበጃሉ። ቧንቧው አሸዋ ቢሞላ ክብደት ይጨምራል፤ ንዝረትንም ይቀንሳል። ወለሉ ወጣ ገባ ከሆነ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ከባለ አራት እግር ይልቅ ረግቶ ይቆማል። ከፍታውም በግምት አይወሰንም። ሠራተኛው ቆሞ ክንዱን ሲያጥፍ የመንጋጋው አናት ከክርኑ ጋር እኩል መሆን አለበት። ዝቅ ቢል ወገቡን፣ ከፍ ቢል ትከሻውን ያደክመዋል። ያረጀን ብረት ወደ አገልግሎት መመለስ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአዲስ አበባ፣ በመርካቶ ምናለሽ ተራ፣ አሮጌ በርሜልና ቁርጥራጭ ብረት በእጅ ባለሙያዎች ጥረት እንደገና ዕቃ ይሆናል።

ሞድስሊ በብራማ ዘንድ ብዙ ሳይቆይ የሠራተኞች አለቃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1797 ዓ.ም. ደመወዝ እንዲጨመርለት ጠይቆ በመከልከሉ የራሱን መሥሪያ ቤት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1800 ዓ.ም. ገደማ የሠራው ብሎን የሚቀርጽ ማሽን፣ ብሎኖች በእጅ ግምት ሳይሆን በትክክለኛ ልክ እንዲሠሩ መንገድ ጠረገ። በእርሱ ዘንድ የሠራው ጆሴፍ ዊትዎርዝም እ.ኤ.አ. በ1841 ዓ.ም. ለብሎን ጥርስ ወጥ የሆነ ልክ አቀረበ። ዛሬ የድሮ የእንግሊዝ ሞርሳ የሚያድስ ሰው የጠፋ ብሎን ለመተካት ብዙ ጊዜ ይህንኑ የዊትዎርዝ ልክ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ሞድስሊ እ.ኤ.አ. በ1831 ዓ.ም. ሞተ። የታላላቅ ማሽኖች ሠሪ ተብሎ ቢታወስም፣ የመጀመሪያው በር የተከፈተለት አዲስ ነገር በመፍጠሩ ሳይሆን፣ ሌሎች ሠራተኞች በየቀኑ እያዩ ያለፉትን ያረጀ ሞርሳ በአንድ ቀን በማደሱ ነበር።

ሐ. የቃላት ፍች

ለጋ — ያልጠና፣ ገና ያልበሰለ
ነባር — ቀድሞ የነበረ፣ የቆየ
ተለማማጅ — በባለሙያ ሥር ሆኖ ሙያ የሚማር
ዋስትና — ዕቃው ቢበላሽ ሠሪው ኃላፊ የሚሆንበት ውል
ወጥ — አንድ ዓይነት፣ ልዩነት የሌለው

መ. መልመጃ አንድ

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. የሞድስሊ መቀጠር አጠራጣሪ የሆነው ለምንድን ነው?
2. ባለ እግር ሞርሳ የመዶሻ ምት የሚችለው እንዴት ነው?
3. በአንድ የቀድሞ የዊልተን ሞርሳ ላይ 1955 የሚል ቢመታ፣ ሞርሳው የተሠራው መቼ ነው? እንዴት ደረሳችሁበት?
4. «የልደት ወረቀቱን በገዛ እጁ ይቀዳል» ሲል ምንባቡ ምን ማለቱ ነው?
5. በአዳሾቹ መካከል ካሉት ሁለት አስተያየቶች የትኛውን ትደግፋላችሁ? ምክንያታችሁን አስረዱ።

ሠ. ሰዋስው፦ የመሣሪያ ስም

ከግሥ የመሣሪያን ስም ለማውጣት በመነሻው ላይ «መ» ይጨመራል፤ መድረሻውም ይለወጣል። ቆመ፦ መቆሚያ፤ ሰረሰረ፦ መሰርሰሪያ። የግሡ መጨረሻ ተ፣ ጠ፣ ዘ ወይም ነ ሲሆን ድምፁ ወደ ቸ፣ ጨ፣ ዠ ወይም ኘ ይለወጣል። ፈታ፦ መፍቻ፤ ቆረጠ፦ መቁረጫ፤ ያዘ፦ መያዣ።

መልመጃ ሁለት፦ ከሚከተሉት ግሦች የመሣሪያ ስም አውጥታችሁ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።
ጠረገ፣ ከፈተ፣ ፈለጠ፣ መዘነ፣ ቀባ

ረ. ድርሰት

በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ያለ አንድ አሮጌ መሣሪያ ምረጡ። ማን ይጠቀምበት እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ተበላሸበትና እንዴት ወደ ሥራ ሊመለስ እንደሚችል ባለሙያ ጠይቃችሁ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።