በጨንቻ ደጋ ቤቶች የመስኮት ቅዝቃዜ፣ የምድጃ ጨረራና የአየር ንቅናቄ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ከ1,300 ሜትር ገደማ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያደርሳል። በዚህ አጭር ርቀት የቤት ሠሪው ችግር ይገለበጣል፤ በቆላው ሙቀትን ማስወጣት፣ በደጋው ሙቀትን ማቆየት ይሆናል። ይሁን እንጂ በሁለቱም ቦታዎች ዛሬ የሚሠራው ቤት በአመዛኙ አንድ ዓይነት ነው፦ የቆርቆሮ ክዳን፣ የጭቃ ወይም የብሎኬት ግድግዳ፣ ነጠላ መስታወት ያለው መስኮት።

በደጋው ቤት መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሰው «ብርድ ገባ» ይላል። መስኮቱ ፈጽሞ በታሸገ ጊዜም ስሜቱ አይጠፋም፤ መንስኤዎቹ ሁለት ናቸውና። አንደኛው ጨረራ ነው፤ ሰውነት ወደ ቀዝቃዛው መስታወት የሚያፈሰው ሙቀት ከመስታወቱ ከሚቀበለው ይበልጣል። ሁለተኛው የአየር መውረድ ነው፤ መስታወቱን የነካ አየር ቀዝቅዞ ይከብድና በመስታወቱ ገጽ ቁልቁል ወርዶ በወለሉ ላይ ወደ እግር ይፈስሳል።

መጠኑን በምሳሌ ማስላት ይቻላል። የክፍሉ አየር 18፣ የውጩ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን፣ ነጠላ መስታወት በካሬ ሜትርና በአንድ ዲግሪ ልዩነት 5.8 ዋት ያህል ስለሚያሳልፍ የውስጥ ገጹ ወደ 10.5 ዲግሪ ይወርዳል። መስኮቱ 1.2 ሜትር ቁመት ካለው በግርጌው የሚወርደው አየር ከፍተኛ ፍጥነት በተለመደው ቀመር በሰከንድ 0.16 ሜትር ገደማ ይሆናል። መስኮቱ አራት ማዕዘኑ እኩል ከሆነና ሰው አንድ ሜትር ርቆ ፊት ለፊቱ ቢቀመጥ፣ በመስኮቱ በኩልና በተቃራኒው መካከል የሚኖረው የጨረራ ልዩነት 2.3 ዲግሪ ያህል ነው፤ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ግን ከ6 ዲግሪ ይበልጣል። አይ ኤስ ኦ 7730 ለቀዝቃዛ ግድግዳ የሚፈቅደው ልዩነት እስከ 10 ዲግሪ በመሆኑ ሁለቱም ያልፋሉ። ይህ ግን ሊያዘናጋ አይገባም። ገደቡ የተቀመጠው በጠቅላላው ሙቀት ለተመቸው ሰው ነው፤ ማሞቂያ በሌለው የደጋ ክፍል ውስጥ ቀድሞውኑ የበረደው ሰው ግን ትንሿም ልዩነት ትሰማዋለች።

ከፍታው ራሱም ስሌቱን ይነካል። በ2,700 ሜትር የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 72 ከመቶ ያህል ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ በተፈጥሮ ንቅናቄው የሚወስደው ሙቀት በ15 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ጨረራ ግን የአየር መሳሳት አይነካውም። ስለዚህ በደጋ ቤት ውስጥ የጨረራ ድርሻ ቆላው ላይ ካለው ይበልጣል፤ የአየሩን ሙቀት ብቻ የሚለካ ቴርሞሜትርም በዚያው ልክ ያሳስታል።

ከመስኮቱ የሚብስ ቀዝቃዛ ገጽ ደግሞ አለ፤ እርሱም ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ክዳን ነው። ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮው ወደ ሰማይ ሙቀት ስለሚያፈስ ከውጩ አየር በታች ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ጠዋት ከውስጥ በኩል የሚንጠባጠበው ጤዛ ለዚህ ምስክር ነው። ስፋቱም ከመስኮቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በአርባ ምንጭ ቀትር ያው ክዳን በተቃራኒው ወደ ታች የሚያቃጥል ገጽ ይሆናል።

የዶርዜ ባህላዊ ቤት ለዚህ ሁሉ የቆየ መልስ አለው። ከደጋ ቀርከሃ የተሸመነው፣ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ሽፋን የሚለብሰው ረጅም ቤት መስታወት የለውም። ግድግዳውና ክዳኑ አንድ ቀጣይ ገጽ ናቸው፤ ቀላልና አየር ያዘለ በመሆኑ ከምድጃው የሚደርሰውን ጨረራ ተቀብሎ ቶሎ ይሞቃል። በአንድ ወገን የሚያድሩት ከብቶችም የራሳቸውን ሙቀት ይጨምራሉ። ያው ምድጃ ብዙ ክፍተት ወዳለው የቆርቆሮ ቤት ሲዛወር ግን ፊትን እየፈጀ ጀርባን ያስበርዳል። እሳቱ በበረታ ቁጥር ወደ ላይ የሚወጣው ትኩስ አየር በበርና በመስኮት ስር ቀዝቃዛ አየር ስለሚስብ የእግር ብርድ ይብሳል።

ባህላዊው ቤት ዋጋም አስከፍሏል። ጭሱ በሽመናው መካከል ቀስ ብሎ እስኪወጣ ድረስ በምድጃው ዙሪያ የሚውሉት ሴቶችና ሕፃናት ይተነፍሱታል። በአዲሱ ቤት ያለው አደጋ ደግሞ ዝምተኛ ነው። ብርድ የገባ መስሎት የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ ደፍኖ ከሰል እያቀጣጠለ የሚተኛ ቤተሰብ ቀለምም ሽታም በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሞታል። ከላይ እንደታየው የብርዱ አንድ ክፍል በክፍተቱ የገባ ስላልሆነ መድፈኑ ያን ክፍል አያስቀረውም።

ስለዚህ ገንዘብ ላነሰው ቤተሰብ ቅደም ተከተሉ ከመስታወት ለውጥ መጀመር የለበትም። መጀመሪያ ኮርኒስ ነው፤ የዶርዜ ሸማኞች የሚያውቁት የቀርከሃ ሽመና ከእሳት በበቂ ርቆ ለዚህ ሊውል ይችላል። ቀጥሎ በሌሊት የሚዘጋ የእንጨት መዝጊያ ይመጣል። መጋረጃ ጨረራውን ይከልላል፤ ግርጌው ክፍት ከሆነ ግን የሚወርደውን አየር አያቆምም። አልጋን ከመስኮት ማራቅ ወጪ የለውም።

እነዚህን ስሌቶች በጨንቻ ቤቶች ውስጥ በልኬት ለመፈተን የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። ጥቁር የተቀባ 40 ሚሊ ሜትር የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ውስጥ የገባ ቴርሞሜትር፣ ከጎኑ ከጨረራ የተከለለ ሌላ ቴርሞሜትር፣ በሰከንድ 0.1 ሜትር መለየት የሚችል የአየር ፍጥነት መለኪያ ይበቃል። ለተቀመጠ ሰው ልኬቱ ከወለል በ0.1፣ በ0.6 እና በ1.1 ሜትር ከፍታ ይወሰዳል፤ ከምድጃ እሳት መቀጣጠል በፊት ተጀምሮም እስከ ንጋት ይዘልቃል።