የሰርግ ቀን፣ የሙሽራ ልብስና ጎተራ

ሰርግ ደስታ ነው። ሰርግ ሥራም ነው። እርሻ ወቅት እንዳለው ሁሉ ሰርግም ወቅት አለው። ወቅቱንና ጎተራውን ያላየ ደጋሽ በጥር ሲጨፍር ይሰነብትና በሰኔ ለዘር ይበደራል። እንዲህ ያለ ሰው በየመንደራችን አናጣም። ስለዚህ በዛሬው ንባብ ስለ ሰርግ እንነጋገራለን። ምሳሌ የምናደርገው የደሴንና የኮምቦልቻን ዙሪያ ነው። እርሳስና ደብተር አቅርቡ፤ የምንቆጥረው ነገር አለ።

በመጀመሪያ ቀኑን እንመልከት።

በአካባቢያችን ክርስቲያኑ በብዛት የሚድረው በጥር ነው። በጥር እህሉ ከአውድማ ገብቷል፤ ጥምቀትም አልፏል። ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ ዋዜማ ድረስ በየመንደሩ ዳስ ይጣላል። ሁዳዴ ከገባ ግን 55 ቀን ሙሉ ሰርግ የለም። ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው ፋሲካ ነው።

የሁዳዴ መግቢያ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ከየካቲት 1 ቀን አይቀድምም፤ ከመጋቢት 5 ቀንም አያልፍም። ስለዚህ የጥር ሰርግ ጊዜ አንድ ዓመት ይሰፋል፣ አንድ ዓመት ይጠባል። የ2017 ዓ.ም.ን እንቁጠር። በዚያ ዓመት ሁዳዴ የገባው የካቲት 17 ቀን ነበር። ከጥር 11 እስከ ጥር 30 ድረስ 20 ቀን ነው። ከየካቲት 1 እስከ የካቲት 16 ድረስ 16 ቀን ነው። ሲደመር 36 ቀን ይሆናል። በዚህ መካከል 5 ረቡዕና 5 ዓርብ አለ። ጾም ስለሆኑ ሥጋ አይቆረጥባቸውም። 10 ሲቀነስ 26 ይቀራል። የነነዌ ጾም ደግሞ ሰኞ የካቲት 3 ቀን ገብቶ ረቡዕ የካቲት 5 ቀን አበቃ። ረቡዑን አስቀድመን ስለቀነስነው አሁን ሰኞንና ማክሰኞን ብቻ እንቀንስ። የቀረው 24 ቀን ነው።

አያችሁ፣ አገር ሁሉ በ24 ቀን ውስጥ ሊድር ነው! ሸማኔው አንድ፣ ጠጅ የምትጥለዋ አንድ፣ መኪናው አንድ። ፈላጊው ግን ብዙ ነው። ዋጋው ቢወደድ ምን ይገርማል? በ2018 ዓ.ም. ደግሞ የሁዳዴ መግቢያ የካቲት 9 ቀን ነው። ጊዜው በ8 ቀን ጠበበ ማለት ነው። ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችን በፊት ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ፤ ወይም የዓመቱን የቀን መቁጠሪያ ገዝተን በገዛ ዓይናችን እናንብብ። አሁን ማንበብ ችለናል፣ ሌላ ሰው ደጅ መጥናት የለብንም።

ወሎ ግን ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ ላይ የሚኖርበት አገር ነው። አንዱ ሲድር ሌላው እንግዳ ነው። እንዲያውም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ሁለቱም አለ። ስለዚህ የረመዳንንም ወር መቁጠር ይኖርብናል። የሙስሊሙ ዓመት በጨረቃ የሚቆጠር ሲሆን 354 ቀን ያህል ነው። የእኛ የቀን መቁጠሪያ 365 ነው። ልዩነቱ 11 ቀን ነው። በመሆኑም ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል።

በ2017 ዓ.ም. ረመዳን የገባው የካቲት 22 ቀን ነበር። ሁዳዴ በገባ በ5 ቀኑ መሆኑ ነው። በዚያ ዓመት ሁለቱም አብረው ስለጾሙ አገሩ አልተቸገረም። አሁን በደብተራችን እንቀንስ። 22 ሲቀነስ 11፣ ለ2018 ዓ.ም. የካቲት 11 ይሆናል። እንደገና 11 ስንቀንስ ለ2019 ዓ.ም. ጥር 30 ላይ እንደርሳለን። እንደገና 11 ስንቀንስ ለ2020 ዓ.ም. ጥር 19 ይመጣል። ጨረቃዋ እየታየች ስለምትወሰን በአንድ ሁለት ቀን ሊዛነፍ ይችላል። ነገሩ ግን ግልጽ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ረመዳን የጥር ሰርግ መሀል ይገባል። ክርስቲያኑ ጥር 25 ቀን ቢደግስ ሙስሊም ጎረቤቱ ጾመኛ ሆኖ ዳሱ ሥር ሊቀመጥ ነው። ይህ ደግሞ በወሎ ነውር ነው። ልጅ ያለን ሰዎች ይህን ከአሁኑ ብናውቅ ደግ ነው። ለዚያን ጊዜ የሚሻለው ከጥምቀት በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሳምንት ወይም የፋሲካ ማግስት ነው። ሙስሊሙም ብዙ ጊዜ ኒካህ የሚያስረው ከዒድ በኋላ በሸዋል ወር ስለሆነ የጎረቤቱን ሁዳዴ ቢያይለት መልካም ነው።

ጾሙን ቆጠርን። አሁን ወደ ጎተራው እንሂድ።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። መንገዱ አጭር ነው፤ እርሻው ግን አይገናኝም። በኮምቦልቻና በቃሉ በኩል ያለው ገበሬ ማሽላውንና ጤፉን የሚሰበስበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ለእርሱ የጥር ሰርግ ይስማማዋል። በደሴ ዙሪያ፣ በለጋምቦና በመሳሰለው ደጋ የበልግ አምራች የሆነው ገበሬ ግን ሌላ ነው። እርሱ ገብሱን የሚዘራው በጥርና በየካቲት ነው። የሚያጭደውም በሰኔና በሐምሌ ነው። ስለዚህ በጥር ቤቱ ያለው ገብስ የዘር ገብስ ነው። በጥር ሲድር ብቅሉን ከየት ያመጣል? ከዘሩ ነው የሚነሣው! በሬውም በጥር ለእርሻ ይፈለጋል። እኛ እንደምናየው ለበልግ አገር ሰው ሰርጉን ወደ ሚያዝያ ቢወስደው ይቀለዋል። እስከዚያ ዘሩ መሬት ገብቷል፤ በሬዎቹም ዐርፈዋል። ሐምሌና ነሐሴ ግን አይሆንም። ዝናቡም ጭቃውም ጭጋጉም ሙሽራ አያሳልፍም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ አባወራ ሁለት በሬ አለው እንበል። ልጁን ሊድር አስቧል። ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ለባለቤቱ እንዲህ ይላታል።

«ያን ቦራውን ብሸጠው ድግሱን ይሸፍንልናል።»

እርሷም ትመልሳለች። «ኧረ የልጆቼ አባት! ቦራውን ሸጠህ በምን ልታርስ ነው?»

«መቀናጆ እገባለኋ።»

«መቀናጆ የገባ ሰው የሚያርሰው ባልንጀራው ሲጨርስ ነው። ዝናቡ ይጠብቅሃል?»

ሴትዮዋ እውነቷን ነው። አንድ በሬ ያለው ሰው ተራ ይጠብቃል። ተራ ሲጠብቅ ዝናብ ያልፈዋል። ወሎ የ1966ንና የ1977ን ድርቅ ያየ አገር ነው። ባዶ ጎተራ ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ድግሱን ከመቁጠራችን በፊት የማይነካውን እንጻፍ። የዘር እህል፣ ጥማድ በሬ፣ እስከሚቀጥለው አዝመራ የሚበላ እህል። ከዚያ የተረፈው ነው የሰርግ።

ሙሽራዋን እንልበስ ደግሞ።

የሙሽራ ልብስ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በጥሎሽ ከወንዱ ወገን ነው። ደሴ ከተማ ቬሎ የሚያከራዩ ቤቶች አሉ። የገጠር ልጆችም ቬሎ ይወዳሉ። እኛ ቬሎ አይለበስ አንልም። ነገር ግን ቬሎ የአንድ ቀን ልብስ ነው፤ ማታ ይመለሳል። ሐበሻ ቀሚስ ግን ሰርግ ይዋልበታል፣ መልስ ይኬድበታል፣ ጥምቀትና ዒድ ይከበርበታል። ጥለቱ ቢያረጅ ተፈትቶ በሌላ ሸማ ላይ ይሰፋል። ሌላም ነገር አለ። በጥር የደሴ ሌሊት ውርጭ ነው። ከኮምቦልቻ በስስ ልብስ የወጣች ሙሽራ ደሴ ስትደርስ ትንቀጠቀጣለች። ካባ የሚደረበው ለማዕረግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ካባ ከሌለ ጥሩ ጋቢ ይበቃል፤ ሚዜዎች ይያዙላት።

ሐበሻ ቀሚስ የሚፈልግ ሰው ሸማኔ ዘንድ በታኅሣሥ ቢሄድ ዘግይቷል። ድሩ ከፋብሪካ ክር ሊሆን ይችላል፤ ማጉ ግን በእጅ ከተፈተለ ልብሱ ይለሰልሳል፣ ይሞቃልም። ማግ መፍተል ጊዜ ይፈጃል። እናትና እኅቶች በክረምት እሳት ዳር ሲፈትሉ ቢከርሙ፣ በመስከረም ለሸማኔው ቢሰጡ፣ ለጥር ይደርሳል። ሸማኔውም ያን ጊዜ ሥራ አልበዛበትም፤ በዋጋው ይነጋገራል። ቀብድ ስትሰጡ ቀኑንና የገንዘቡን ልክ በወረቀት ጻፉ፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ስለ ጌጥ ብዙ አንልም። ወርቅ ተወዷል። የብር ጌጥ ግን በወሎ የቆየ ነው። ብዙው ጌጥ ማርትሬዛ እየቀለጠ የተሠራ ነው። ማርትሬዛ ማለት 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት የተቀረጸበት የጥንት የብር ገንዘብ ነው። የአያት ድሪና አምባር ሣጥን ውስጥ ካለ አውጡት፤ ጠርጎ የሚያነጣ አንጥረኛ አይጠፋም። ለአንድ ቀን ብሎ አዲስ ገዝቶ ከመበደር ይህ ይበልጣል። የተዋሱት ጌጥ ከሆነ ግን ከመሰጠቱ በፊት በስንት ፍሬ እንደሆነ ተቆጥሮ ይጻፍ። በዚህ ነገር የተጣሉ ዘመዳሞች ጥቂት አይደሉም።

እንሶስላውና ሹሩባው ገንዘብ አይጠይቅም። እንሶስላ በደጋው እርጥብ ቦታ ይበቅላል። ሥሩ ተቆፍሮ ይወቀጥና እጅና እግር ላይ ይታሰራል። ሂና የምትቀባም አለች። ልጅቷ ቦለቅያ የምትሞቅ ከሆነ ግን አንድ ነገር እንንገራችሁ። በሩንና መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ከሰል ማንደድ ይገድላል። የከሰል ጢስ ባይታይም ያፍናል። በሩ ገርበብ ይበል፤ አንዲት ሴትም አጠገቧ አትጥፋ።

አሁን ድግሱን እንቁጠር። 200 እንግዳ ጠራን እንበል። ለአንድ ሰው 3 እንጀራ ብንል 600 እንጀራ ነው። ድግሱ ሦስት ቀን ከሆነ 1,800 ይሆናል። ከአንድ ቁና ዱቄት ስንት እንጀራ እንደሚወጣ የቤቱ እመቤት ታውቃለች። 1,800ን በዚያ ቁጥር ስናካፍል የሚያስፈልገውን ቁና እናገኛለን። ቁጥሩን አይታችሁ ካልደነገጣችሁ ደግሱ። ከደነገጣችሁ ሦስቱን ቀን ወደ አንድ አምጡት። የሙሽራዋና የሙሽራው ቤት ተስማምተው ሰርጉንና ቅልቅሉን በአንድ ዳስ የሚያደርጉ አሉ። ማንም አልሳቀባቸውም።

ሥጋው በወሎ ሁለት ዓይነት ነው። ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊም እንግዳ በግ ወይም ወይፈን ለብቻ ይሰጣል። የሚያርደው ሙስሊም ነው፤ የሚሠራውም በሙስሊም ሴቶች፣ በሌላ ድስት ነው። መጠጡም ለአንዱ ጠላ፣ ለሌላው ቃሪቦ ነው። ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ እንግዳ እንዲሁ ያደርጋል። ደሴ ያለውን የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ አይጠየፍ ያሉት ማንም ሳይጠየፍ ገብቶ እንዲበላ ነው ይባላል። ታዲያ ወጪ ስንቀንስ ከዚህ አንቀንስ። ሞንታርቦ ከሚከራይ ይህ በግ ይታረድ።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን የልጅቷን ዕድሜ እንጠይቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ይል ነበር። ያ ተሽሯል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት ነው የሚለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ዕድሜዋ 13 ወይም ከዚያ በላይ የሆነችን ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች የሆነችን ያገባ እስከ 7 ዓመት ይታሰራል ይላል። «ጥሩ ባል አያምልጣት» የሚሉ ወላጆች አሉ። ልጅቷ ሰውነቷ ሳይጠና ስታረግዝ ግን በምጥ ትጎዳለች፤ ትምህርቷም ይቀራል። ለሰርግ ተብሎ የተጠመቀው ጠላ ይህን አይመልስም። ልጅቷ 16 ከሆነች ሽማግሌዎቹን ቡና አጠጥቶ በአክብሮት መሸኘት ነው። ፈቃዷንም ከራሷ አፍ መስማት ያስፈልጋል፤ በሕጉ ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ ጋብቻ የለም።

ጋብቻው በቀበሌ ይመዝገብ። ሙሽራዋ ምን ይዛ እንደገባች፣ ሙሽራውም ምን እንዳለው በውሉ ላይ ይጻፍ። መህር ካለ መህሩ የሴቷ የራሷ ነው፤ ልኩ ይጻፍ። ከመፈረም በፊት ወረቀቱ ይነበብ። ያልገባችሁ ቃል ካለ «ይህ ምንድነው?» በሉ።

በመጨረሻም ስለ ሰርግ ደብተር። በአንድ ገጽ ላይ የተጠሩትን፣ በሌላው ገጽ ላይ የመጣውን ጻፉ። ማን እንጀራ አመጣ? ማን ጠላ፣ ማን ገንዘብ አመጣ? እነዚህ ሰዎች ነገ ሲድሩ ብድራቸው ይመለሳል። በሦስተኛው ገጽ ላይ ከቅሬው የተዋሳችሁትን ዕቃ ጻፉ። ጋን ስንት? ብርጭቆ ስንት? አግዳሚ ስንት? ዳሱ በፈረሰ ማግስት ደብተሩን ይዞ ለሚቆጥር ሰው ዕቃው ይሰጠው። ሲመለስ ከእያንዳንዱ ጎን ምልክት ያድርግ፤ የተሰበረውንም ጽፎ ለቅሬው ዳኛ ያሳይ።