ሦስት ከተማ፣ አንድ ባቡር፣ የሁለት ቀን መኪና
የምሥራቁ ገበያ ጉዞ ሒሳብ እንዴት ይሠራል?

የምሥራቁን ገበያ ለማየት የሚነሣ የአዲስ አበባ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ ጉዞውን የሚያቅደው ከሥራው ተነሥቶ ነው። ለድሬዳዋ ግማሽ ቀን፣ ለሐረር ግማሽ ቀን፣ ለጅጅጋ አንድ ቀን ብሎ ይደምርና «ሁለት ሌሊት አድሬ እመለሳለሁ» ይላል። በራሱ መኪና ወይም በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነ እንዲህ ብሎ መቁጠሩ አይጎዳውም። በባቡር የሚሄድ ከሆነ ግን ሁለት ሌሊት የሚባል ጉዞ የለም። አንድ ሌሊት አለ፤ ሦስት ሌሊት አለ፤ አምስት ሌሊት አለ። ሁለትና አራት የሉም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ የሚገባው የመንገደኛ ባቡር በየቀኑ በሁለቱም አቅጣጫ አይሄድም። የተለመደው አሠራሩ አንድ ቀን ወርዶ በማግሥቱ መመለስ ነው። ሰኞ ከወረደ ማክሰኞ ይመለሳል፤ ረቡዕ ይወርዳል፣ ሐሙስ ይመለሳል። እንግዲህ ሰኞ ድሬዳዋ የደረሰ ሰው መመለሻ የሚያገኘው ማክሰኞ፣ ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ነው። ሥራውን ረቡዕ ማታ የጨረሰም ሆነ ረቡዕ ጠዋት የጨረሰ ያው ሐሙስን ይጠብቃል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለነጋዴ ትልቅ ትርጉም አለው። በጉዞው ውስጥ የማይንቀሳቀሰው ነገር ባቡሩ ነው፤ መኪናው፣ ሆቴሉና ቀጠሮው ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ዕቅዱ የሚጀመረው ከባቡሩ ቀን ሲሆን ሥራው በመካከሉ ይሞላል። ብዙዎች ግን መጀመሪያ ቀጠሮ ይይዛሉ፣ ቀጥሎ መኪና ይከራያሉ፣ በመጨረሻ ስለ ባቡሩ ይጠይቃሉ። የተገላቢጦሽ ሆኖ የሚወጣውን ገንዘብ የሚበላው ያለ ሥራ ቆሞ የሚቆጥረው መኪና ነው።

የባቡሩ ፕሮግራም ከዚህ በፊት ተለዋውጧል፤ ወደፊትም ሊለዋወጥ ይችላል። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ሰኞ ለቡ ከመሄድ ይልቅ ቲኬት ሲቆርጡ የመውረጃውንም የመመለሻውንም ቀን ጠይቆ መጻፍ ይበጃል። መታወቂያ መያዝም አይዘንጋ።

የትኛው ጣቢያ?

እዚህ ላይ ሰዎችን በየጊዜው የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። የቀድሞው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ሲሆን ጣቢያው ለገሃር ነበር። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ኤሌክትሪክ ባቡር ግን ለገሃርን አያውቀውም። ለባለ ታክሲ «ባቡር ጣቢያ» ብሎ ዝም ያለ መንገደኛ ባቡር የማይነሣበት ሕንፃ ፊት ሊወርድ ይችላል። ድሬዳዋም እንዲሁ ነው። አሮጌው ጣቢያ ከተማው መሐል ከዚራ ላይ ሲሆን አዲሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የሚገኘው። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ የታክሲ ወይም የባጃጅ ዋጋና ጊዜ በሒሳቡ ውስጥ ይግባ።

መስመሩ ከሰበታ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመንገዱ ላይ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽና ሚኤሶ ይገኛሉ። ይህን ዝርዝር ያየ ሰው «ሞጆ ወርጄ ደረቅ ወደቡ ላይ ያለውን ጉዳዬን ጨርሼ እቀጥላለሁ» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ወደ ታች የሚወርደው ቀጣይ ባቡር የሚመጣው ከነገ ወዲያ ነው። የሁለት ሰዓት ጉዳይ ሁለት ቀን ወሰደ ማለት ነው። ሞጆ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች በፈጣን መንገዱ ደርሶ መልስ የግማሽ ቀን ሥራ ናት፤ ከባቡሩ ጉዞ ጋር ማጣበቅ አያስፈልግም። በአጭሩ ባቡሩን የሚጠቀሙበት አንድ ረጅም ርቀት በአንድ ጊዜ ለመቁረጥ ነው። ብዙ ቦታ ለመቆም የሚያገለግለው መኪናው ነው።

የኪሎ ሜትሩ ሒሳብ

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በመኪና መንገድ 515 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከድሬዳዋ ሐረር 55፣ ከሐረር ጅጅጋ ደግሞ 100 ያህል። መኪናውን አዲስ አበባ ላይ የተከራየ ሰው ለደርሶ መልሱ 1,030፣ ለውስጡ ዙር 310፣ በድምሩ 1,340 ኪሎ ሜትር ይነዳል። መኪናው በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል 134 ሊትር ነዳጅ ነው። በባቡር ወርዶ ድሬዳዋ ላይ የተከራየ ሰው 310 ኪሎ ሜትርና 31 ሊትር ይበቃዋል። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ሰው መኪናው መንገድ ላይ ለሚያሳልፋቸው ሁለት ቀናት ኪራይና የሾፌር ውሎ አበል ይከፍላል።

ልዩነቱ ግን ለሁሉም አይሠራም። ሦስት አራት ሆነው የሚሄዱ ሸሪኮች የባቡር ቲኬት በሰው ሲባዛባቸው የመኪናው ወጪ ለአራት ሲካፈልላቸው ሚዛኑ ሊያጋድል ይችላል። ብዙ ናሙና ይዞ የሚሄድም እንዲሁ። ጭሮ ላይ ጉዳይ ያለው ሰው ደግሞ ባቡሩን ባያስበው ይሻላል፤ ሐዲዱ በቆላው በሚኤሶ በኩል ስለሚያልፍ ደጋውን መንገድ አይነካም። በመኪና ለመሄድ የወሰነ የመንገዱን ጸጥታ ከመነሣቱ በፊት ከአውቶቡስና ከጭነት ሾፌሮች ይጠይቅ፣ በሌሊትም አይንዳ።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ

የሦስት ሌሊቱን ጉዞ በምሳሌ እንየው። ሰኞ ጠዋት ከለቡ የተነሣ ባቡር ሰባት ስምንት ሰዓት ያህል ተጉዞ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ይገባል። በዚያ ቀን መኪና አያስፈልግም። ሆቴል ገብቶ ለማግሥቱ ቀጠሮ ማረጋገጥ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት የድሬዳዋ ሥራ ነው። ድሬዳዋ ቆላ ናት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ሱቅ ይዘጋል፣ ከምሳ በኋላ ብዙ ሰው በርጫ ላይ ይቀመጣል፤ ገበያው የሚነቃው አመሻሹ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ቀጠሮ የሚይዝ የአዲስ አበባ ሰው ወንበር ሲያሞቅ ይውላል። ስለዚህ መጋዘንም ሆነ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጣና ጉዳይ ካለ ጠዋት ይለቅ። እስከዚህ ድረስ ባጃጅና ታክሲ ይበቃሉ።

የኪራይ መኪናው የሚጀምረው ማክሰኞ እኩለ ቀን ነው። ከተማው ሲያንቀላፋ እርስዎ የደንገጎን አቀበት ይወጣሉ፤ የሞተውን ሰዓት በመንገድ ይጠቀሙበታል ማለት ነው። በሐረማያ አድርገው አወዳይ ይደርሳሉ። አወዳይ የጫት ገበያ ናት። ጫት የሚበላሽ ሸቀጥ ስለሆነ የገበያው ሰዓት የሚቆረጠው ጭነቱ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌ በኩል በሚነሣበት ሰዓት ነው፤ ከመሄድ በፊት እዚያ ለሚያውቁት ሰው መደወል አይከፋም። ከዚያ ሐረር ቅርብ ነው፤ አዳሩ እዚያ ይሆናል።

ረቡዕ ማለዳ ተነሥቶ በባቢሌ በኩል ጅጅጋ፤ ሥራ ጨርሶ ሳይመሽ ሐረር መመለስ። ደርሶ መልሱ 200 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ቀኑ ይበቃል። ቶጎጫሌን ልጨምር ያለ ሰው ግን ከጅጅጋ ሌላ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዳለበት ይወቅ፤ በአንድ ቀን ሁለቱንም በሚገባ መሥራት አይቻልም። እርሱ የአምስት ሌሊቱን ጉዞ መምረጥ አለበት።

ሐሙስ ጠዋት የሐረር ጉዳይ ተፈጽሞ ወደ ድሬዳዋ ጣቢያ መውረድ ነው። መኪናው እዚያ ይሰናበታል። በምሳሌው ዙሩ ያለቀው ከዓርብ በፊት መሆኑን ልብ ይሏል። በሦስቱም ከተሞች ዓርብ እኩለ ቀን ለጁምዓ ሶላት ሱቅ ስለሚዘጋ የጅጅጋው ቀን ዓርብ ላይ ከዋለ ግማሹ ባከነ ማለት ነው። ባቡሩ ረቡዕ የሚወርድ ከሆነ የሚገጥመው ይኸው ነው፤ የሚችል አንድ ዙር ቢያሳልፍ ይሻለዋል። የረመዳን ወር የራሱ ሰዓት አለው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ስለሆነ በእነዚያ ሰሞን መኪናም ሆነ አልጋ በወትሮው ዋጋ አይገኝም። ለንግሡ የማይሄድ ነጋዴ ሳምንቱን ቢያልፈው ያተርፋል።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

ከላይ የተገለጸው መኪና የሠራው ከማክሰኞ እኩለ ቀን እስከ ሐሙስ እኩለ ቀን ነው። ይህ ሁለት ቀን ነው ወይስ ሦስት? በ24 ሰዓት ለሚቆጥር አከራይ ሁለት ነው። በዕለት ለሚቆጥር ግን ማክሰኞ አንድ፣ ረቡዕ ሁለት፣ ሐሙስ ሦስት ነው። የአንዱን ቀን ኪራይ 100 ብንለው በቃል ብቻ የተስማማ ሰው 200 አስቦ 300 ይጠየቃል። ጠብ የሚነሣው በአብዛኛው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰዓቱ በወረቀት ይስፈር።

ሌሎቹም በየራሳቸው ቀላል አይደሉም። ነዳጁ የማን ነው? መኪናው ሲመጣ ታንኩ ስንት ነበር፣ ሲመለስስ? ነዳጅ ማደያ ላይ ሰልፍ ሲኖር የሚጠፋው ሰዓት በማን ይታሰባል? የቀን ኪሎ ሜትር ገደብ ካለ የረቡዑ 200 ኪሎ ሜትር ከገደቡ ያልፋል ወይስ አያልፍም? የሾፌሩ ውሎ አበልና የሐረር አልጋው በኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ? በደላላ በኩል ከሆነ ኮሚሽኑን የሚከፍለው አከራዩ ነው ወይስ ተከራዩ? ደላሎችም ቢሆኑ ይህን አስቀድመው ቢናገሩ ደንበኛ አያጡም።

ስለ መድን አንድ ቃል። ሕጉ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለራሱ ለመኪናው አይከፍልም። ሾፌር ሳይዙ ራስዎ የሚነዱ ከሆነ ሙሉ ሽፋን መኖሩን፣ ሽፋኑም ከባለቤቱ ውጪ የሚነዳን ሰው መጨመሩን ሰነዱን አይተው ያረጋግጡ። የደንገጎን ጠመዝማዛ ለማያውቅ ሰው ግን ሾፌር መያዙ ውድ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ከጅጅጋ መልስ ባለው መንገድ ላይ ሊገጥም ይችላል። መስመሩ የጉምሩክ ፍተሻ ያለበት ነው። ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ የሌለው ዕቃ ሲያዝ መኪናውም አብሮ ሊያዝ ይችላል። ያኔ ተከራዩ ዕቃውን ማጣቱ ሳይበቃ የአከራዩን የቀን ሒሳብ ይቆጥራል። ጅጅጋ ላይ ናሙናም ቢሆን ሲገዙ ደረሰኝ ይያዙ፤ ሾፌሩም ሆነ መንገድ ላይ የተሳፈረ ሰው የራሱን ጭነት እንዳይጨምር ከመነሣት በፊት ሻንጣ ማስቀመጫውን ከፍተው ይዩ።

የሌሊቱን ሒሳብ የሚሰብረው

የግድ በሁለት ሌሊት መመለስ ያለበት ሰው መፍትሔው ባቡሩን ለአንድ አቅጣጫ ብቻ መጠቀም ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋም ጅጅጋም ይበርራል። ሰኞ በባቡር ወርዶ፣ ማክሰኞ ድሬዳዋንና አወዳይን ጨርሶ ሐረር አድሮ፣ ረቡዕ ጅጅጋ ላይ ሥራውን ፈጽሞ ከዚያው በአውሮፕላን መመለስ ይቻላል። ተመልሶ ሐረርና ድሬዳዋ መውረድ ስለሌለ አንድ ሌሊትና ግማሽ ያህል መንገድ ይቀራል። መኪናው ግን ባዶውን ድሬዳዋ ይመለሳል፤ 155 ኪሎ ሜትር ነው፤ አከራዩም ነዳጁንና ቀኑን በእርስዎ ላይ ያስባል። ሁለቱን ሲያወዳድሩ የአውሮፕላኑን ቲኬት ከባቡሩ ቲኬት ጋር ብቻ አያስተያዩ። በአንዱ በኩል የአውሮፕላን ቲኬትና የመኪናው ባዶ መልስ፣ በሌላው በኩል የባቡር ቲኬት፣ አንድ የሆቴል ሌሊትና ከሱቅ የራቁበት አንድ ተጨማሪ ቀን ይቀመጣል። ሱቁ በቀን የሚያስገባውን የሚያውቀው ባለቤቱ ስለሆነ መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል።

በባቡር የሚመለስ ደግሞ ባቡሩ ከጅቡቲ ድንበር አቋርጦ የሚመጣ መሆኑን አይርሳ። በድንበር ፍተሻ ወይም ሐዲድ ላይ በገባ ከብትና ግመል ምክንያት የሚዘገይበት ቀን አለ። ስለዚህ ሐሙስ ማታ አዲስ አበባ እገባለሁ ብሎ ለዓርብ ጠዋት 2 ሰዓት የባንክ ቀጠሮ መያዝ አይገባም፤ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይሻላል። ቀብድ ለአከራዩ የተከፈለ ከሆነ መኪናው ጣቢያው በር ላይ ሲሰናበት እዚያው ይመለስ፤ ከባቡሩ ውስጥ በስልክ የሚጠየቅ ቀብድ ቶሎ አይመጣም።